ዳማ ስሜን የጠራ ዕለት

ስሜ ደሳለኝ ነው። በጽሑፍ እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ይወጣል። በአፌ ግን «ደ» ላይ ይቆማል፣ ወደኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ይነሣል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አልወጣም ብሎ ይቀራል። ከልጅነቴ ጀምሮ እንተባተባለሁ። ይህን ከወዲሁ የምነግራችሁ እያዘናችሁልኝ እንድታነቡ ብዬ አይደለም፤ በአንዲት ረቡዕ እንጅባራ ላይ የገጠመኝ ነገር ያለዚህ ስለማይገባችሁ ነው።

የተወለድኩት ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነው። ቤታችን የሚነገረው የአገው ቋንቋ፣ አውኚ፣ ስለነበር፣ ትምህርት ቤት ስገባ መምህራኑ «አማርኛው አዲስ ሆኖበት ነው፣ ሲለምድ ይተወዋል» ብለው ተጽናኑ። በአውኚም ያው መሆኔን የነገራቸው ሰው አልነበረም። እኔ ልነግራቸው ስጀምር ደግሞ ደወል ይደወላል።

ከመንተባተቡ ይልቅ ሲያስመርረኝ የኖረው የሰው ደግነት ነው። አገሬው ክፉ አይደለም። አንድ ሰው ቃል ተናንቆት ሲያይ፣ ሸክም የከበደው መንገደኛ ያገኘ ይመስል ሊያግዘው ይሮጣል። «ተ...» ብዬ ስጀምር አስተናጋጇ «ተጋቢኖ!» ብላ ትጨርስልኛለች። እኔ የፈለግኩት ተልባ ፍትፍት ነው። አይደለም ለማለት ግን ሌላ ቃል መጀመር ሊኖርብኝ ነው፤ ስለዚህ ራሴን በእሺታ ነቅንቄ የመጣልኝን እበላለሁ። ተጋቢኖ የምጠላ ሰው አይደለሁም። ግን ዕድሜ ልክ ሌላ ሰው የመረጠልህን መብላት፣ ሌላ ሰው የሰጠህን መልስ እንደ ራስህ መልስ መቀበል፣ ቀስ በቀስ ሰውን ከራሱ ያርቀዋል።

ለብቻዬ መብላት የጀመርኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። በእኛ አገር ብቻውን የሚበላ ሰው ዓይን ይስባል። የሚያውቅህ ሰው በአጠገብህ ሲያልፍ «እንብላ» ማለት አለብህ፤ ዝም ካልክ ወይ ስስታም ነህ ወይ ንቀሃል። እኔ «እንብላ»ን ጀምሬ እስክጨርስ ሰውየው ሌላ ቤት በልቶ ይጠግባል። ስለዚህ ሰው የሚያንስበትን ሰዓት መርጬ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እበላ ነበር። ከተማው «ኩራተኛው አናጢ» ይለኝ እንደነበር የሰማሁት ቆይቼ ነው።

ሥራዬ ቀርከሃ ነው። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ሶፋ፣ የልጆች አልጋ እሠራለሁ። በእጄ እመካለሁ፤ ይህን ስናገርም አላፍርም። ዋናው መንገድ ዳር ከዓለምነህ ጋር አንድ ሱቅ ነበረን። ዓለምነህ አብሮ አደጌ ነው። እኔ እሠራለሁ፣ እሱ ይናገራል። ስልክ የሚያነሣው እሱ፣ ደንበኛ የሚቀበለው እሱ። ሰው «ይህን ማን ሠራው?» ሲል «እኛ» ይላል፤ እኔ ከኋላ ሆኜ ቀርከሃ እሰነጥቃለሁ። ሁለታችንም ተመችቶን ነበር።

ከዚያ ዓለምነህ ሚስት አገባና ኑሮውን ባሕር ዳር አደረገ። ብቻዬን በቀረሁ በጥቂት ወራት ውስጥ ሱቁ ጭር አለ። ደንበኛ ይገባል፣ ይጠይቀኛል፣ እኔ ከቃሉ ጋር እታገላለሁ፣ እሱ በእኔ ፈንታ ያፍራል፣ «ቆይ እመለሳለሁ» ብሎ ይወጣል። ስልኩ ይጠራል፤ እኔ አየዋለሁ፤ ይዘጋል። በመጨረሻ ሱቁን ዘግቼ ወደ ዘንገና፣ ወደ ወንድሜ ማሳ ልመለስ ቆረጥኩ። ማረስ አፍ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም በሬ ቃል አይጨርስልኝም።

ይህን ለዓለምነህ በጽሑፍ ስልክለት ወዲያው ደወለ። እሱ ሲደውል አነሣለሁ፤ እሱ ይናገራል፣ እኔ እሰማለሁ። ዳንግላ ውስጥ ጋሽ ሰዒድ የሚባሉ የታወቁ ነጋዴ የእንግዳ ማረፊያ እየሠሩ መሆኑን፣ ለቤቱ በሙሉ የቀርከሃ ዕቃ እንደሚፈልጉ፣ ሥራዬን አንድ ቦታ አይተው እንደወደዱት፣ ግን ሠሪውን ራሱን አግኝተው ካላነጋገሩ እንደማይስማሙ ነገረኝ። ረቡዕ ለጉዳይ ወደ እንጅባራ ይመጣሉ።

«እኔ አልኖርም» አለኝ። «አንተው አነጋግራቸው። ይህ ከሆነልህ ሱቁ ይተርፋል። ካልሆነልህ ያሰብከውን አድርግ፣ አልከለክልህም።»

የምንገናኝበትን ቦታ እኔ እንድመርጥ ተባልኩና የእትዬ ይመናሹን ምግብ ቤት መረጥኩ። ምክንያት ነበረኝ። እትዬ ይመናሹ በዚያ ሰሞን ምግብ የሚያመላልስ ሮቦት አምጥተው ነበር፤ አንድ የአዲስ አበባ ሆቴል በአዲስ ሲለውጥ ነው የገዙት። ቁመቱ እስከ ደረቴ ይደርሳል። ከሥሩ ጎማ፣ መሐሉ ላይ ትሪ የሚቀመጥበት መደርደሪያ፣ ከላይ ደግሞ ሁለት ሰማያዊ ዓይን የሚያበራ ስክሪን አለው። ቀለሙ ወደ ቀይነት የሚያደላ ቡናማ ስለሆነ ከተማው ገና በመጀመሪያው ቀን እንደ ፈረስ «ዳማ» ብሎ ሰየመው፤ ፈረስ በሚወደድበት አገር እንዲህ ያለ መልክ ይዞ መጥቶ ሌላ ስም ሊያገኝ አይችልም ነበር። ከጎረቤት ከተማ ከግምጃ ቤት ሳይቀር ሰው ሊያየው ይመጣል። አንዳንድ አዛውንቶች እንደ ድሮው አጨብጭበው ሊጠሩት ይሞክራሉ፤ ዳማ ግን ለጭብጨባ ደንታ የለውም። ለእኔ ከደረሰኝ ወሬ ሁሉ የያዝኩት አንዱን ነው፦ የምግቡን ፎቶ ነክተህ ታዝዛለህ፣ አፍ አያስፈልግም።

እቅዴ እንዲህ ነበር። ጋሽ ሰዒድ ከመምጣታቸው በፊት እደርሳለሁ። ፎቶውን ነክቼ አዝዛለሁ። እሳቸው ሲደርሱ ምግቡ ቀርቦ ስለሚያገኙኝ አፌን የማስቸግረው ለአንድ ነገር ብቻ ይሆናል፣ ለወንበሮቹ። የምናገረውንም ሳምንቱን ሙሉ ሳጠና ሰነበትኩ። የሚያስቸግሩኝን ፊደሎች አውጥቼ፣ የማያስቸግሩኝን ቃላት መርጬ አሰናዳሁት። ችግሩ ከአስቸጋሪዎቹ አንዱ «ቀ» መሆኑ ነው። ስለ ቀርከሃ ወንበር ቀርከሃን ሳይጠሩ ማውራት ምን እንደሚመስል አስቡት። «ይህ እንጨት» እያልኩ ልወጣው ነበር ያሰብኩት፤ ቀርከሃ እንጨት አለመሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሳይኖር።

ረቡዕ ደረሰ። ጾም ስለሆነ ቤቱ የጾም ብቻ ነበር፤ ለጋሽ ሰዒድም ሥጋው የማን ነው የሚል ጥያቄ ስለማይነሣ ደስ ብሎኛል። ስገባ ቤቱ ግማሽ ያህል ሞልቷል። እንደልማዴ ወደ ግድግዳው አየሁ፤ እዚያ ያሉት ወንበሮች ተይዘዋል። መሐል አካባቢ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ባለው ጠረጴዛ ሞላ የሚባል የባጃጅ ሹፌር ከጓደኞቹ ጋር ይበላል። በመልክ እንተዋወቃለን፤ «እንብላ» አለኝ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አመሰገንኩት።

ዳማ የሚሄደው በወለሉ መሐል በተለጠፈው ጥቁር መስመር ላይ ብቻ ነው። ትእዛዝ ለመስጠትም ምግብ ለመቀበልም ሰው ተነሥቶ ወደ እሱ ይሄዳል። ከሰው ጋር የመጣ ከመሐሉ አንዱን ይልካል፤ ብቻውን የመጣ ግን ራሱ ይነሣል። ተነሥቼ ሄድኩ። ስክሪኑ ላይ የምግቦቹ ፎቶ ተደርድሯል። ተልባ ፍትፍቱን አየሁትና በጣቴ ነካሁት። ያለማንም እርዳታ የፈለግኩትን አዘዝኩ። ፈገግ ሳልል አልቀረሁም።

ከዚያ ዳማ ተናገረ። ጥርት ባለ የሴት ድምፅ «እናመሰግናለን። አሁን ስምዎን ይናገሩ» አለ።

ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ነገሩ ኋላ ነው የገባኝ። ሮቦቱ ሲመጣ ደንበኛን የሚጠራው በቁጥር ነበር። እትዬ ይመናሹ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ፤ ቤቴ የመጣ እንግዳ እንደ እስረኛ በቁጥር አይጠራም፣ ሰው ስም አለው አሉ። አንዲት የኮምፒውተር ባለሙያ ለምነው፣ እያንዳንዱ ሰው ስሙን እንዲናገርና ምግቡ ሲደርስ በስሙ እንዲጠራ አስደረጉ። ለሰው ክብር ሲሉ ያደረጉት ነው። እኔን ያገኘኝም ይኸው ክብር ነው።

ስክሪኑ ላይ የማይክሮፎን ምልክት ይበራል። የሚጻፍበት ቦታ ፈለግኩ፤ የለም። «ደ...» አልኩ። ቆመ። «ደ... ደ...»

ሞላ ከጎኔ ሆኖ ሰማኝ። መቼም ዝም ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። «ደምሴ!» ብሎ ጮክ አለልኝ።

ስክሪኑ ላይ ወዲያው «ደምሴ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ዳማም «ደምሴ። ትክክል ከሆነ አረንጓዴውን፣ ካልሆነ ቀዩን ይንኩ» አለ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጣቴ ወደ አረንጓዴው ሄዶ ነበር። ደምሴ ብሆን ምን ይቀርብኛል? ምግቡን እበላለሁ፣ ማንም አያውቅም። ስንት ዘመን ተጋቢኖ በላሁ፤ አንድ ቀን ደምሴ ብሆን አልሞትም። ግን እዚያ ቆሜ አሰብኩት። ምግቤን ሰው መርጦልኛል፣ መልሴን ሰው መልሶልኛል፣ አሁን ደግሞ ስሜን ሊሰጠኝ ነው። ቀዩን ነካሁት።

«እንደገና ይናገሩ» አለ ዳማ።

«ደርበው ነው እንዴ?» አለ ሞላ በቅንነት። ዳማ አሁንም እንዳይጽፈው ቶሎ ቀዩን ነካሁና እጄን ወደ ሞላ ዘረጋሁ። ተው ማለቴ ነው። ሞላ ደንግጦ ዝም አለ። ጓደኞቹም ማኘካቸውን አቆሙ።

እናም ከዳማ ጋር ተፋጠጥን። ሰው ፊት ስናገር ሁልጊዜ የማየው ከንፈር ነው። እኔ ስታገል የሰሚው ከንፈር አብሮኝ ይንቀሳቀሳል፣ ቅንድቡ ይሸበሸባል፣ አንገቱ ወደፊት ይሰግጋል፣ ቃሉን ከአፌ ሊያወጣልኝ ይደርሳል። እሱን ሳይ የባሰ እታሰራለሁ። ዳማ ከንፈር የለውም። ሁለቱ ሰማያዊ ዓይኖች ዝም ብለው ይበራሉ። አያዝኑም፣ አይቸኩሉም። «ደስ...» አልኩ። ዓይኖቹ ያው ናቸው። «ደስ... አለኝ» ብዬ ጨረስኩት። ስሜን ሌላ ሰው ሳይገባበት ራሴ ጀምሬ ራሴ የጨረስኩት በስንት ዘመኔ እንደሆነ አላውቅም።

ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ወጣ። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ስለነበር፣ ከዚያ ለማምለጥም ስለቸኮልኩ፣ ሳላነበው አረንጓዴውን ነካሁና ወደ ወንበሬ ተመለስኩ።

ገና ላቤን ጠርጌ ሳልጨርስ አንድ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ረጅም ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው ዙሪያውን ሲያዩ አየሁ። ጋሽ ሰዒድ ቀድመው መጥተዋል። እጄን አነሣሁ። መጥተው ጨበጡኝ፣ ተቀመጡ፣ የተቀመጥኩበትን ወንበር ሳይቀር በዓይናቸው መረመሩ። እጃቸው ጠንካራ ነው፤ ፊታቸው ላይ ግን ፈገግታ የለም።

«ሠሪው አንተ ነህ?» አሉኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ። ያጠናሁት ንግግር ከአእምሮዬ ጠፍቷል።

«ዓለምነህ ስምህን ነግሮኝ ነበር፣ ግን ረሳሁት። ማን ልበል?»

ገና «ደ...» ከማለቴ ዳማ ከጓዳው ወጣ። መሐል ቤቱ ላይ ሲደርስ ቆመና በዚያ ጥርት ባለ ድምፁ፣ ቤቱን ሁሉ በሚሞላ ድምፅ፣ ተጣራ።

«ደስ ደስ አለኝ። ምግብዎ ደርሷል። ይምጡና ይውሰዱ።»

 ከዚያ ከአንዱ ጥግ ሳቅ ተነሣ። አንዱ «ዳማን ዛሬ ምን ደስ አለው?» አለ። ሌላው ደመወዝ ተጨምሮለት ይሆናል አለ። ሳቁ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሄደ። ጋሽ ሰዒድ ራሳቸው በሳቅ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ዳማ ግን አይስቅም። «ደስ ደስ አለኝ» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ምግብዎ ደርሷል።»

ደሜ ወደ ፊቴ ወጣ። ሮቦቱ አልተሳሳተም። እንደሰማ ነው የጻፈው። ስሜን ቆራርጬ ሰጠሁት፣ እሱም ሳያቃና፣ ሳያሳጥር፣ እንደተሰጠው መልሶ ጠራው።

እትዬ ይመናሹ ከገንዘብ መቀበያው ተነሥተው እየሮጡ መጡ። ያንን ማሽን የገዙት ብዙ ሰው እየሳቀባቸው ነውና ተበላሸ ብለው ደንግጠዋል። ትሪውን አዩና የተልባ ፍትፍቱ የማን እንደሆነ ቤቱን ጠየቁ።  ምግቡ ካልተነሣለት ዳማ አይንቀሳቀስም፤ የሌሎች ሰዎች ምግብ ከኋላ ተጠራቅሟል። ባለቤት ካልተገኘ ማሽኑን አጥፍተው ከነምግቡ ወደ ጓዳ ሊመልሱት መሆኑን ተናገሩ።

ሞላን አየሁት። ያውቃል። ስሜን ስናገር አጠገቤ ነበር። አፉን ከፈተ፣ ወደ እኔ አየ፣ መልሶ ዘጋው። እንደዚያ ቀን ሞላን ወድጄው አላውቅም።

ዝም ብል ኖሮ ምግቡ ይመለስ ነበር። ጋሽ ሰዒድ ስቀው ይረሱት ነበር። እኔም ያጠናሁትን «ይህ እንጨት» እያልኩ፣ እንደምንም ለጥቂት ደቂቃ ደብቄው ልወጣ እችል ነበር። ይህን ሁሉ አሰብኩ። ግን ያ ምግብ የእኔ ነው። መርጬ ያዘዝኩት ነው። ያ ስምም የተሰባበረ ቢሆን የእኔው ነው፤ ስሰባብረው የኖርኩት እኔ ነኝ። አሁን ካልተነሣሁ ዕድሜዬን ሙሉ አልነሣም ብዬ አሰብኩ።

ዳማ ለሦስተኛ ጊዜ ተጣራ። ተነሣሁ።

«አቤት» አልኩ።

አቤት ተንተባትቦ አያውቅም፤ ሙሉ ሆኖ ወጣ። የቤቱ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ወደ ዳማ ሄድኩና ትሪውን ከመያዜ በፊት ወደ ሰዎቹ ዞርኩ።

«የእኔ ነው» አልኩ። «ስ... ስሜ ደ... ደ...»

«ደስታ ነው ስምህ ልጄ?» አሉ እትዬ ይመናሹ ሊያግዙኝ።

«ል... ልጨርሰው፣ እትዬ» አልኩ።

እትዬ ይመናሹ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ቤቱ ጸጥ አለ። እንደዚያ ዓይነት ጸጥታ ከዚያ በፊት ሲያጋጥመኝ እሸሽ ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ገባሁበት።

«ስሜ ደ... ደሳለኝ ነው። እንተባተባለሁ። ለ... ለዳማ ስሜን ስነግረው ተንተባተብኩ፤ እሱም እንደሰማ ጻፈው። አልተበላሸም። ደ... ደህና ነው።»

ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ። እዚህ ላይ ያሳጠርኩት ለእናንተ ስል ነው። ማንም አልሳቀም። አንዲት እናት «ጎሽ» ስትል ሰማሁ። እትዬ ይመናሹ ቀርበው ትከሻዬን ያዙኝ፤ ይቅርታ ጠየቁኝ፣ ባለሙያዋን ዛሬውኑ ጠርተው ስሜን እንደሚያስተካክሉልኝ ነገሩኝ።

«አይ» አልኳቸው። «ይ... ይቆይ። እኔ ስሜን የምናገረው እንደዚያ ነው።»

ትሪዬን ይዤ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ።  ጋሽ ሰዒድ ሳቁን ትተዋል።  ምግቡን በመሐላችን አስቀመጥኩና «እ... እንብላ» አልኳቸው። «ቢስሚላህ» ብለው እጃቸውን ታጠቡና ከእኔው ትሪ አብረውኝ በሉ። ጥቂት ከበላን በኋላ ተናገሩ።

«ስልክ ብደውልልህ አታነሣም። ዓለምነህን ብጠይቀው እሱ ብዙ አይናገርም አለኝ። ኩራት መሰለኝ። ለጥያቄዬ መልስ ከማይሰጥ ሰው ጋር አልሠራም ብዬ፣ ዛሬ የመጣሁት ፊት ለፊት ልነግርህና ልመለስ ነበር።» እጃቸውን ጠረጉ። «አሁን ጊዜ አለኝ። ስለ ሥራህ ንገረኝ።»

ያጠናሁትን ሁሉ ጣልኩት። «ቀ... ቀ... ቀርከሃ» ብዬ ጀመርኩ፣ ከቀንደኛው ጠላቴ። ያልበሰለ ቀርከሃ ለምን እንደማይቆረጥ ነገርኳቸው። በክረምት የተቆረጠውን ነቀዝ እንደሚወደው፣ ፀሐይ ላይ የደረቀው እንደሚሰነጠቅ፣ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ የደረቀው ግን የልጅ ልጅ እንደሚያስቀምጥ። የወንበሩን ጉልበት በሚስማር ሳይሆን በራሱ በቀርከሃ ለምን እንደማስር። ሌላ ሰው በአሥር ደቂቃ የሚናገረው ነው፤ እኔ ሻያቸው ቀዝቅዞ ሌላ ሻይ እስኪመጣ አወራሁ። ጋሽ ሰዒድ አንድም ቃል አልጨረሱልኝም። ሲጠይቁኝ ይጠይቃሉ፤ ስመልስ ይጠብቃሉ። እንደዚያ የሚያዳምጥ ሰው ሲገጥመኝ ምን ያህል የምናገረው ነገር እንዳለኝ ለራሴም ገረመኝ።

ሲነሡ ሥራውን ሰጡኝ። ሱቄን አልዘጋሁም። እነሆ ዛሬም እዚያው መንገድ ዳር አለ፤ በሩ ላይ የእኔ ስም ተጽፎበታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሆነውን ስታስቡ፣ መንተባተቡ ተወኝ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። አልተወኝም። ይህን ስጽፍም ያው ነኝ። የተወኝ መደበቁ ነው። ስልኬ ሲጠራ አነሣለሁ። ደንበኛ ሲገባ ወንበር እሰጠውና መጀመሪያ እንደምንተባተብ እነግረዋለሁ፤ የቸኮለ ይሄዳል፣ ብዙው ግን ይቀመጣል፣ ደግሞም ወንበሩ ምቹ ስለሆነ ለመነሣት አይቸኩልም። የከተማው ሰው እስከ ዛሬ «ደስ ደስ አለኝ» ይለኛል። አንዳንዱ ሊያሾፍ፣ አንዳንዱ ወዶኝ። ለሁሉም አቤት እላለሁ። እውነትም ደስ ብሎኛልና ስሙ አልከበደኝም።

አሁንም አልፎ አልፎ ብቻዬን እበላለሁ፤ ፊቴ ግን ወደ ሰው ነው። ብቻውን የሚበላ ሰው ሁሉ ያዘነ እንዳይመስላችሁ። አንዳንዱ ማረፍ ፈልጎ ነው። አንዳንዱ ግን እንደ እኔ፣ «እንብላ» ማለት አቅቶት ሊሆን ይችላል። እሱን ስታገኙት እናንተ ቀድማችሁ በሉት።

ስለ ዳማም አንድ ነገር ልበላችሁ። ሰዎች ታሪኩን ሲሰሙ «ማሽን ከሰው በለጠ» ይሉኛል። አልስማማም። ዳማ የጠበቀኝ ለእኔ ሲል አይደለም፤ ብጨርስም ባልጨርስም ለእሱ አንድ ነው። ሞላ ግን ሊናገርልኝ እየፈለገ፣ አፉን ከፍቶ፣ ለእኔ ሲል መልሶ ዘጋው። የሁለቱ ዝምታ አንድ አይደለም። ዳማ ያሳየኝ ብጠበቅ መጨረስ እንደምችል ነው፤ የከበደውን ነገር ያደረገው ግን ሰው ነው። ስለዚህ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቃል የተናነቀው ሰው ሲያጋጥማችሁ ከንፈራችሁን ያዙለት። ቃሉ እየመጣ ነው።

ባለፈው ዓመት የጋሽ ሰዒድ የእንግዳ ማረፊያ ዳንግላ ላይ ሲመረቅ ተጠርቼ ሄድኩ። አዳራሹ ከሩቅም ከቅርብም በመጡ ነጋዴዎችና ሽማግሌዎች ሞልቷል። ሁሉም የተቀመጡት እኔ በሠራኋቸው ወንበሮች ላይ ነው። ከእንግዶቹ አንዱ የወንበሩን ክንድ እየዳበሰ፣ ይህን የሠራው ሰው ማን እንደሆነ ጋሽ ሰዒድን ጮክ ብሎ ጠየቃቸው። ሰው ሁሉ መልሱን ሊሰማ ዞረ። ጋሽ ሰዒድ ስሜን ያውቁታል፤ በአንድ ትንፋሽ ሊናገሩት ይችሉ ነበር። አልተናገሩም። ወደ እኔ ዞሩና ዝም ብለው ጠበቁኝ። ተነሣሁ፤ «እኔ ነኝ» ብዬ ጀመርኩና ስሜን እስከ መጨረሻው ተናገርኩ።